የወንድሜን ሞተር ከመሬት ላድን ስል

ሞተር ይዛችሁ ጭቃና ድንጋይ ላይ ለምትሠሩ ወንድሞቼ ይህን እጽፋለሁ። ጽሑፍ አልለመድኩም። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የስልክ መልእክት ብቻ ነው። ግን እግሬ እንዴት እንደተረፈ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ። ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ እሠራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አሁን ታማችሁ የምታነቡት ካላችሁ እንዳትፈሩ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሞተሯ ልናገር። ያለ እሷ ሕመሜ አይገባም።

ሞተሯ የታላቅ ወንድሜ የደገፈ ነበረች። ደገፈ ከሆሳዕና ሆመቾ፣ ከዚያም አልፎ መኪና ወደማይገባበት ገጠር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤታችንን ያስተዳድር ነበር። አንዳንዴ ዝንጅብል ለመጫን እስከ ሀደሮ ይሄዳል። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ ለእኔ አባትም ወንድምም እሱ ነው።

ሞተሯን እንደ እሱ የሚይዝ ሰው አላየሁም። ሲገዛት ታንከሩ ላይ የነበረው ላስቲክ እስከ መጨረሻው አልተነሳም። ላቫጆ አይወስዳትም፤ የውሃው ግፊት ቀለሟን ይጎዳል ይል ነበር። ማታ ሲገባ፣ ቢርበውም ቢደክመውም፣ በባልዲ ውሃና በጨርቅ ሳያጥባት እራት አይበላም። ከፊት በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ የእግር መከላከያ ብረት አስበይዶላት ነበር። ለማታውቁ፣ ሞተር በጎኗ ስትወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ይህ ብረት ነው። በእሱ ምክንያት ሞተሯ ሙሉ በሙሉ አትተኛም፤ እግርም ከሥር ክፍተት ያገኛል። ደገፈ ብረቱን ኒኬል አስነክሮት ስለነበር ፊት ያሳያል። እኔ ጸጉሬን በእሱ አይቼ ነበር የማበጥረው።

ጓደኞቹ ሞተሯን "ሙሽራዋ" ይሏታል። በተለይ ብርሃኑ፣ አብሮት የሚሠራው፣ አይተወውም ነበር።

"ደጌ፣ ደመናው መጣ! ለሙሽራህ ጥላ ያዝላት እንጂ!"

"አንተ ፍየልህን ጠብቅ" ይለዋል ደገፈ። የብርሃኑ ሞተር ፓራፋንጎዋ የተሰበረ፣ ስፖኪዮዋ በገመድ የታሰረ፣ ድንጋይ ላይ የምትዘል ስለሆነች ስሟ ፍየል ነው።

ደገፈ የሞተው በሞተር አይደለም። ጉበቱን ታሞ ነው። ሆዱ እያበጠ እንኳን "ይተወኛል" እያለ ቤት ከረመ። እኛም እሺ አልነው። ከተማው ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። በዚያ በር ይዞት የገባው ባጃጅ ነበር፤ ይዞት የወጣው ግን ሌላ መኪና ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው አልቆ ሰው ሲበታተን እናቴ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። "የወንድምህን ሥራ ያዝ" አለችኝ። ብርሃኑ አብሮኝ እየዞረ መንገዱን አሳየኝ። መንዳቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ደገፈ አስተምሮኝ ስለነበር አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ሞተሯ ላይ አዲስ ጭረት ባየሁ ቁጥር ደገፈ ትንሽ ትንሽ እየጠፋብኝ ይመስለኛል።

አንድ ቀን የመከላከያው ብረት ድንጋይ ነካና ኒኬሉ ተጫረ። በጣት የምትሸፈን ጭረት ናት። በማግስቱ ብረቱን አስፈትቼ ቤት አመጣሁት። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከደገፈ ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት።

እናቴ ከገበያ ስትገባ አየችው። "ይሄ ብረት እዚህ ምን ይሠራል?"

"እንዳይጫር ነው እማ።"

ብረቱን አየች። እኔን አየች። ዘንቢሏን ይዛ ጓዳ ገባች።

ብርሃኑ ግን አላለፈኝም። "ዝናብ እንዳይነካበት ጃንጥላውን ቤት ትቶ የወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!" አለና ፌርማታ ላይ ላሉት ሁሉ ተረከልኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ብረቱ ግን ግድግዳው ላይ ቀረ።

አደጋው የደረሰው በክረምት ነው። ከሆመቾ ወዲያ አንድ የገጠር ገበያ ሰው አድርሰን ባዶአችንን እየተመለስን ነበር፤ ብርሃኑ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቦታው የእግር መንገድ ነው። ወደ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ዝናቡ ቀዩን አፈር ሳሙና አድርጎታል። ብርሃኑ ከታች ሆኖ ጮኸልኝ።

"በአንደኛ ማርሽ! የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ!"

አልነካሁም። የኋላ ጎማው ግን ከሥሬ ሸሸ፤ ሞተሯ ወደ ቀኝ መውደቅ ጀመረች። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ይታወቃል፤ መሪውን ለቅቆ ወደ ሌላው ጎን መዝለል ነው። ጊዜም ነበረኝ። ግን በቀኝ በኩል ከመሬት የወጣ ሹል ድንጋይ አየሁ። ታንከሩ በቀጥታ ወደ እሱ እየሄደ ነው። የደገፈ ታንከር፣ ላስቲኩ ገና ያልተነሳው። ቀኝ እግሬን በሞተሯና በድንጋዩ መካከል አስገባሁ።

ቅልጥሜ ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ ሞተሯ ከላይ መጣች። ማርሚታው ደግሞ ባቴ ላይ ተኛ። ማርሚታ የጭሱ መውጫ ቧንቧ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንሠራ ውለን ስለነበር ግሎ ነበር። የሱሪዬ ሽታ መጀመሪያ መጣ። ሕመሙ ቀጥሎ መጣ።

ብርሃኑ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ሮጠ። "ማርቆስ! ማርቆስ!"

"ታንከሩ ተነካ?"

"አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ከሥር ነው!"

"ታንከሩን እይልኝ በናትህ።"

"አልተነካም! ውሰደው ታንከርህን!" እያለ ሞተሯን ከላዬ አነሳት።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጭቃ ውስጥ ተኝቼ፣ ባቴ ተልጦ፣ ደስ አለኝ። ሞተሯ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም።

ብርሃኑ ፍየሉን አንድ ገበሬ ግቢ አስቀምጦ በእኔ ሞተር አፈናጥጦ ቤት አደረሰኝ። እናቴ አልነበረችም። "ሐኪም ቤት እንሂድ" አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ሞተሯን እንዲያጥብልኝ ለመንኩት፤ ጭቃው ከደረቀ ቀለሟን ይበላዋል። እየተራገመ አጠባት። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ "ከፓራፋንጎው ሥር አልደረስክም" እለው ነበር። ከዚያ የጥርስ ሳሙና አምጥቶ ቃጠሎው ላይ ቀባልኝ። ሁላችንም የምናደርገው ይህን ነው። አታድርጉት። ለቃጠሎ የሚሆነው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም ማየት እንዳለበት፣ ኋላ ሆስፒታል ቁስሌን ያጠበችልኝ ሲስተር ነገረችኝ። የውሃው ባልዲ አጠገቤ ነበር። በእሱ የታጠበችው ግን ሞተሯ ናት።

ለምን ያን ቀን ሆስፒታል እንዳልሄድኩ ሰው ይጠይቀኛል። በሩን ፈርቼ ነው። ደገፈ ከገባበት በር መግባት አልቻልኩም። እናቴም መጥታ እግሬን ስታይ ሆስፒታል የሚለውን ቃል አላነሳችም። አጎቴ ጋሽ ሎምበሶ መጣና ነገሩን ቀለል አደረገልን።

"ወለምታ ነው። ዳምቦያ አካባቢ የማውቃቸው ወጌሻ አሉ፤ እጃቸው የተባረከ ነው።"

ወጌሻው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ በእሳቸው ላይ የማወራው ክፉ ነገር የለኝም። እግሬን በቅቤ አሹ፣ በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፈው በጨርቅ አሰሩት። ቃጠሎው ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኔ ቁስል አላክምም ልጄ። ይህን ለሐኪም አሳየው" አሉኝ። አጎቴም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ "ይደርቃል" አለ አጎቴ። "ይደርቃል" አልኩ እኔ። ጨርቁ ቁስሉን እንደሸፈነ ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ራሴን ያመኛል፣ ምግብ ያስጠላኛል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ የከምባታ አዛውንት እያንቀጠቀጠኝ ሲያዩ ጋቢያቸውን አውልቀው እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ተወው፣ እኔ ካፖርት አለኝ" አሉ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ግን በዚያ ጋቢ ሥር እግሬ ተደበቀ። የመረመረኝ ልጅ ምን እንደሚያመኝ ሲጠይቀኝ "ራሴን፣ ትኩሳት" አልኩት። ስለ እግሬ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ በእኔ ቤት እግሬ በወጌሻ የታከመ፣ ያለቀ ነገር ነው። ደም ወሰዱና "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ። መርፌ ጀመርኩ። ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ አለ፤ ሁላችንም ጌታ ይመስገን አልን። ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ።

ወንድሞቼ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሁሉንም ተናገሩ። ያመማችሁን ብቻ ሳይሆን የወደቃችሁትንም ተናገሩ። ጋቢውን ግለጡት።

ሌሊት መተኛት አቃተኝ። ፍርሃቴን ለማንም አልነገርኩም። ደገፈም እንዲህ ነበር የጀመረው፣ ይተወኛል እያለ። ጣራውን እያየሁ "እናቴ ከዚህ በኋላ ማን ይቀራታል?" እላለሁ።

ያወጣኝ ሽታው ነው። እናቴ አንድ ጠዋት ቁርስ ይዛልኝ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። "ይህ ሽታ ምንድነው?" ብላ ጨርቁን ራሷ መፍታት ጀመረች። የመጨረሻው ዙር ከሥጋዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሲላቀቅ መግል ወጣ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ቀልቶ ያብረቀርቃል።

አጎቴን ጠራችው። እሱ ሲያየው ደነገጠ፤ ግን ከደነገጠ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ ሐሳብ አይወጣም። "ወጌሻው እንደገና ይዩት። የቤተ ክርስቲያን እህቶችም ይምጡና ይጸልዩለት" አለ።

"ይጸልዩ" አለች እናቴ። "ሆስፒታል መጥተው ይጸልዩ።"

"እዚያ እግሩን ይቆርጡታል!"

"አንዱን ልጄን እቤት አስተኝቼ አዘግይቻለሁ ሎምበሶ። ሁለተኛውን አላዘገይም። ባጃጅ ጥራ።"

እናቴ ለአጎቴ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አጎቴ ባጃጅ ጠራ፤ ብርሃኑም አብሮን ተሳፈረ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ እኔ አልወርድም አልኩ። ይህን ሳላፍር የምጽፈው እንዲህ የሚሆን ሌላ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። የባጃጁን ብረት ጨብጬ ያዝኩ። ሹፌሩ መስታወቱ ውስጥ ያየኛል። እናቴ ወርዳ ፊቴ ቆመች። በሀዲይኛ ነበር ያናገረችኝ፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል።

"ወንድምህን በሩ አልገደለውም። ዘግይተን ነው ያመጣነው። ዛሬ ግን ቀድመን መጥተናል። ና።"

ከዚያ ቀድማኝ ገባች። ወደ ኋላ አላየችም። ብረቱን ለቀቅኩና የብርሃኑን ትከሻ ይዤ ተከተልኳት።

ካርድ ለማውጣት ሰልፍ አለ፣ ለራጅ ሰልፍ አለ። አግዳሚ ላይ መጠበቅ ከሕመሙ ይብሳል፤ ስማችሁ የሚጠራ እየመሰላችሁ በእያንዳንዱ ድምፅ ትነሣላችሁ። አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት እግሬን አየችና ቦታዋን ለቅቃልኝ "ከፍ አድርገህ ዘርጋው" አለችኝ። እሷ ቆመች። ራጅ ማለት አጥንትን በፎቶ ማየት ነው። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ አሳየን። ቅልጥሜ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ።

"ተሰንጥቋል። እሱ ይገጥማል፣ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ኢንፌክሽኑ ነው። መግሉ ወደ አጥንቱ ከገባ እግሩን ልናጣው እንችላለን። ስለዚህ ዛሬውኑ ማደንዘዣ ሰጥተን ከፍተን እናጥበዋለን። የሞተውን ሥጋ እናነሣለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሞተር ነው አሉኝ። ሞተሩስ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነችም" አልኩት፤ ያን ጊዜም ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበር።

"እንግዲያው ሞተሩን ጋራዥ መውሰድ አያስፈልግም" አለ ዶክተሩ፤ "አንተ ግን ጋራዥ ገብተሃል።"

ብርሃኑ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። "ዶክተር፣ እግሩ ይተርፋል?" አለችው።

"ቃል አልገባልዎትም እናቴ። ግን አምጥተውታል። ከነገ ይልቅ ዛሬ ይሻላል።"

ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት እጄን በብርድ ልብሱ ሥር ወደ ታች መላክ ነው። ጉልበቴን አገኘሁ። ከጉልበቴ በታች ፋሻ አገኘሁ። ፋሻው እስከ ጣቶቼ ይሄዳል። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። እግሬ ጀሶ ተደረገለት፤ ቁስሉ እንዲታጠብ ደግሞ ጀሶው ላይ እንደ መስኮት ያለ ክፍት ቦታ ተተወ። ቁስል ሲታጠብ ጥርሴን ነክሼ ዝም እል ነበር። የምታጥበኝ ሲስተር "ጩህ ወንድሜ፣ ክፍሉ ተከፍሎበታል" ትለኛለች። አንድ ቀን ጮኽኩ። እውነትም ይሻላል። ደገፈ የተኛበት ክፍል ከእኔ በኮሪደር ማዶ ነበር። መጀመሪያ ወደዚያ አላይም ነበር። በክራንች መቆም ስጀምር ግን ሄጄ ከበሩ ላይ አየሁት። ሌላ ሰው ተኝቶበታል፤ ልጁ ብርቱካን እየላጠለት ነው። ክፍል ነው። ተመልሼ ተኛሁ።

መድኃኒቱና የሚገዛው ነገር ቤቱን ያራቁት እንደነበር ለታመመ ሰው መንገር አያስፈልግም። አጎቴ ቤተሰቡን ለመርዳት ብሎ "ሞተሯን እንሽጣት" አለ፣ እዚያው አልጋዬ ፊት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እናቴ ብርድ ልብሴን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ የሚመጣው አንዳንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ ሲመጣም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ለእናቴ በእጇ የሆነ ነገር ያቀብላታል፣ ዓይኔን ይሸሻል። ደስ አላለኝም።

"ብሬ፣ ሙሽራዋን ማን እያጠባት ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

እናቴን አያት።

"ንገረው" አለችው።

"እኔ እየነዳኋት ነው" አለ። "እማማ ቁልፉን ሰጡኝ። ለፍየሌ የማይወጡ ዳገቶች አሉ፣ እሷ ትወጣቸዋለች። የምታገኘው እዚህ ነው የሚመጣው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ደግሞ ወድቃለች።"

"የት?"

"ያው አንተ የወደቅክበት ቁልቁለት። የግራው ስፖኪዮ ሄዷል። ታንከሩ ጎድጉዷል፣ የጡጫ ያህል። ላስቲኩም ተቀዷል።"

ጮኽኩበት። ሲስተር "ጩህ" ስትለኝ ያልጮኽኩትን ያህል ጮኽኩበት። ደገፈን ሁለተኛ የገደለው ያህል ተናገርኩት፤ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም። ብርሃኑ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበና ቀኝ ቅልጥሙን አሳየኝ። ምንም የለበትም።

"ለቀቅኳት" አለ። "እየወደቀች እንደሆነ ሳይ ዘለልኩ። ወንድምህ ቢኖር ይሰድበኝ ነበር። ግን ማታ ቤቴ በእግሬ ገባሁ።"

እናቴ መድኃኒቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። "ይህን የገዛልህ ያ ጎድጓዳ ታንከር ነው" አለችኝ። "ዋጠው።"

ዋጥኩት።

ቤት ስገባ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፎቶው አጠገብ ምስማሩ ብቻ ነበር። ብርሃኑ ከወደቀ በኋላ ብረቱን ያወረደችለት እናቴ ነበረች። "ይህን ወደ ቦታው መልስ፤ ሟቹ እግርን እንዲጠብቅ ነው ያሠራው" ብላ።

ማገገሙ ረዘም አለ። ከጓሮአችን ለስብራት የሚበላ የእንሰት ዘር አለ፤ እናቴ ሥሩን ቆፍራ፣ ቀቅላ፣ ከወተት ጋር ታበላኝ ነበር። ለዶክተሩ በቀጠሮ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ብነግረው "ብላ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ብላ" አለኝ። አጎቴም በራሱ መንገድ ካሰኝ፤ ለቀጠሮ የሚወስደኝ እሱ ነበር፤ ሰልፉን እየጠበቀ ለሰው ሁሉ "ትኩሳት ካለው ቁስሉን እዩለት" እያለ ይመክራል። ጀሶው ሲነሣ እግሬ ቀጥኖ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ሥጋ እስኪመለስለት ግቢውን በክራንች እዞር ነበር፣ ከዚያ ያለ ክራንች። አሁን ባቴ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ፤ ብርድ ሲሆን ትንሽ አነክሳለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ሥራ ስጀምር ሞተሯን ሁሉም ሰው ዞሮ ያያት ነበር። ታንከሯ ጎድጉዷል፤ ላስቲኩን ራሴ ልጬ ጣልኩት። ከሥሩ ያለው ቀለም ደገፈ አንድ ቀን እንኳን ሳያየው የቀረ ቀይ ነው፣ ያምራል። ግራና ቀኝ የመከላከያው ብረት አለ። ብርሃኑ አሁንም አልተወኝም፤ "ሙሽራዋ ወልዳለች፣ ልምድ ያላት ሴት ሆናለች" ይላል።

ባለፈው ዝናብ እንደገና ያቺ ቁልቁለት አገኘችን። ሰው አድርሰን ባዶአችንን ነበርን። በአንደኛ ማርሽ ወረድኩ፤ የፊት ፍሬን አልነካሁም። የኋላ ጎማው እንደ ድሮው ከሥሬ ሸሸ። ሞተሯ ወደ ቀኝ ሄደች። ድንጋዩ እዚያው አለ። አየሁት።

ለቀቅኳት።

ወደ ግራ ዘልዬ ጭቃው ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። ብረቱ ድንጋዩን መታ፤ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ሞተሯ ጋደም አለች፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተኛችም፤ ብረቱ ደግፏታል። ከሥሯ እግር የሚያህል ክፍተት አለ። ተቀምጬ ያንን ክፍተት ረጅም ጊዜ አየሁት። ብርሃኑ ከታች "ማርቆስ!" ብሎ ሲጮህ "አለሁ!" አልኩት።

ቤት ስገባ መሽቶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ወጣች። በእጅ ባትሪዋ መጀመሪያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከዚያ ሞተሯን። ብረቱ ላይ ኒኬሉን የላጠ ረጅም ጭረት አለ። በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው።

"ወደቅክ?"

"እሷ ወደቀች። እኔ ለቀቅኳት እማ።"

"ለቀቅካት?"

"ለቀቅኳት።"

ከደገፈ ወዲህ እናቴ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ከዚያ ባልዲውን በውሃ ሞልታ አመጣች። ልማዴ ነውና ጨርቁን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ቀማችኝ።

"ተቀመጥ። እግርህን አምጣ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስባ ጭቃውን ከቅልጥሜ፣ ከጠባሳዬ፣ ከጣቶቼ መካከል አጠበችልኝ። ከዚያ እራት በላን። ሞተሯ እስከ ጠዋት ከነጭቃዋ ቆማ አደረች።